አፈር የተሞላበት ተዳፋት ቦታ ላይ የመሠረት ወጪ (ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ በኩል)

ጎጆ ወጪ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንዘልማ በኩል ተዳፋት ላይ 250 ካሬ ቦታ አለኝ፤ 12.5 በ20 ነው። ልሠራ ያሰብኩት ጂ ፕላስ ዜሮ (ፎቅ የሌለው ቤት) ነው፦ 9 በ11 ሜትር፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ቦታው ከመንገዱ ወደ ጓሮ ይወርዳል። በቤቱ ርዝመት ማለትም በ11 ሜትሩ ውስጥ ያለው የከፍታ ልዩነት በቱቦ ውሃ ልክ ሲለካ 2 ሜትር ነው። የታችኛው ግማሽ ላይ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከመንገድ ሥራ የተረፈ አፈር ተገልብጦበታል፤ ውፍረቱ ከመሃል ከዜሮ ይጀምርና ጓሮው ጫፍ ላይ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ ጥቁር አፈር ነው።

አንድ ኮንትራክተር ያቀረበልኝ ሐሳብ ዙሪያውን በ50 ሳንቲ የድንጋይ ግንብ አንስቶ፣ ውስጡን ገረጋንቲ ሞልቶ ከመንገዱ ጋር እኩል ካደረገ በኋላ የኮለን ፉቲንጎቹን (የምሰሶዎቹን የኮንክሪት እግሮች) እዚያው ሙሌት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ዋጋውን የሰጠኝ በጥቅል ነው። አሠራሩ ያስኬዳል? ወጪው የሚበዛው የቱ ላይ ነው፣ የሚቀነሰውስ የቱ ነው? ቁፋሮስ መቼ ይጀመር?

ኮለንና ቢም

ወንድሜ፣ ፉቲንግ በሙሌት ውስጥ የሚለውን አትቀበል። የተገለበጠ አፈር በራሱ ክብደት ለዓመታት ይሰምጣል፤ የሚሰምጠውም እንደ ውፍረቱ ነው። አንተ ጋ ላይኛው ኮለን የሚያርፈው በተፈጥሮ አፈር ላይ ነው፣ ታችኛው ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ በሆነ አሮጌና አዲስ ሙሌት ላይ። ላይኛው ሳይነቃነቅ ታችኛው ይወርዳል፤ በመሃል ያለው ብሎኬት በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በሩ ከመቃኑ ይጋጫል። ሮለር በደንብ ሄዶበታል ብትባል እንኳ ሮለሩ የነካው አዲሱን ሙሌት ነው። ከሥሩ ያለውን የመንገድ አፈርና ጥቁሩን አፈር አልነካም።

የ50 ሳንቲው ግንብም አይበቃም። ሂሳቡ እንዲህ ነው። 2 ሜትር ቁመት ያለው 50 ሳንቲ ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት 2.3 ቶን ይመዝናል። ከጀርባው ያለው የተጠቀጠቀ ደረቅ ገረጋንቲ ወደ 1.2 ቶን በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ግፊቱም ከታች በሲሶው ከፍታ፣ 67 ሳንቲ ላይ ያርፋል። ለመገልበጥ የሚሠራው ኃይል 0.8 ቶን ሜትር ሲሆን ግንቡ በክብደቱ የሚመክተው 0.58 ብቻ ነው። ይህ በበጋው ነው። ክረምት ውሃ ከጀርባው ከቆመ ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለ2 ሜትር ሙሌት ከታች 1.1 ሜትር፣ ከላይ 50 ሳንቲ የሆነ፣ በውስጥ በኩል በደረጃ እየጠበበ የሚወጣ ግንብ ያስፈልጋል። 50 ሳንቲ የሚበቃው ግራና ቀኙ እኩል አፈር ላለው ተራ የመሠረት ግንብ ነው።

አሁን ወጪውን በመጠን ላስቀምጥልህ፤ የብሩን ዋጋ በሳምንቱ ገበያ አንተው አባዛው።

በሙሌት እኩል ማድረግ ከመረጥህ የሽብልቁ (ላይ ከዜሮ ተነሥቶ ታች 2 ሜትር የሚደርሰው ሙሌት) ይዘት 9 × 11 × 2 ÷ 2 = 99 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ተጠቅጥቆ ነው፤ ሲጫን 30 በመቶ ያህል ስለሚላላ ወደ 129 ይሆናል፣ በ16 ኩብ ሲኖትራክ 8 ቢያጆ (ምልልስ)። ደጋፊ ግንቡ በታችኛው 9 ሜትርና በሁለቱ ጎኖች ከነመሠረቱ ወደ 46 ኩብ ይጠጋል። በ1 ለ 4 ሞርታር ለአንድ ኩብ ግንብ 1.2 ኩንታል ሲሚንቶ ብትይዝ 55 ኩንታል። ከላይ የ10 ሳንቲ ወለል ኮንክሪት ሌላ 10 ኩብ። ይህ ሁሉ ደግሞ አሮጌው ሙሌት የለም ብለን ነው፤ ካለ ግንቡ ራሱ እሱን አልፎ መውረድ ስላለበት መጠኑ ያድጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሳይሞሉ ወለሉን በሶሌታ (ፌሮ በገባበት የኮንክሪት ጠፍጣፋ) ማንጠልጠል ነው። 99 ካሬ በ15 ሳንቲ ወደ 15 ኩብ ኮንክሪት ይመጣል፤ በኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 54 ኩንታል፣ ፌሮው ወደ 1.3 ቶን፣ በዚያ ላይ የካሳፎርማ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) እና የድጋፍ እንጨት። እንግዲህ አስተውል፤ የደጋፊ ግንቡ ሲሚንቶ ብቻውን ከሶሌታው ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው። ሶሌታው የሚጨምርብህ ፌሮና ካሳፎርማ ነው፤ የሚያስቀርልህ 8 ቢያጆ ገረጋንቲ፣ መጠቅጠቂያውን፣ ድንጋዩንና የግንበኛውን እጅ ነው። ተዳፋቱ 80 ሳንቲ ቢሆን ኖሮ ሙሌት ይረክስ ነበር። 2 ሜትር ላይ፣ ከሥር አሮጌ ሙሌትና ጥቁር አፈር እያለ፣ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር ሶሌታ ነው።

ከመሬት በታች ያለው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። 12 ኮለን ያዝ፤ በ11 ሜትሩ 4፣ በ9 ሜትሩ 3። የመሃል ኮለን ከሶሌታው፣ ከግድግዳውና ከክዳኑ ወደ 24 ቶን ይሸከማል። 1.5 በ1.5 ፉቲንግ ላይ ሲያርፍ በካሬ 11 ቶን ያህል ነው፤ ይህን የተበላ (በከፊል የፈረሰ) ድንጋይም ጠንካራ ቀይ አፈርም ይችለዋል። ፉቲንጉ በ40 ሳንቲ ውፍረት 10.8 ኩብ፣ የመሠረት ኮለኑ 30 በ30 በአማካይ 2.5 ሜትር ቁመት 2.7 ኩብ፣ ግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን ከግድግዳው ሥር የሚያስተሳስረው ቢም) 25 በ40፣ 69 ሜትር ርዝመት፣ 6.9 ኩብ። ድምሩ 20.4 ኩብ፣ ወደ 73 ኩንታል ሲሚንቶና 2.1 ቶን ገደማ ፌሮ። የፌሮው ልክ የሚጸናው በስትራክቸር ዲዛይን ነው፤ ይህ ለበጀትህ ነው።

ወጪውን የሚያነቃንቀው ጥልቀቱ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ቢያንስ 4 የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍር፦ ሁለት ላይኛው ማዕዘን፣ ሁለት ታችኛው። ሙሌቱን፣ ጥቁሩን አፈርና ጽኑውን (ከሥር ያለውን ቤት የሚሸከም ጠንካራ መሬት) በሳንቲ ለክተህ ጻፍ። ከጥቁሩ ናሙና ውሰድና ነጻ እብጠቱን አስለካ። ደርቆ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር በ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በ24 ሰዓት ይነበባል። 15 ላይ ከደረሰ 50 በመቶ አብጧል፣ ተጠንቀቅ። 20 ካለፈ ግን ምንም ነገር አታስቀምጥበት።

ፎርማን ሽምብጥ

ኢንጂነሩ ኮለንና ቢም ባሉት ላይ ከቁፋሮው ልጀምር።

በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቋጥኙን አለት ነው ብሎ ማቆሙ ላይ ነው። ጥቁሩ አፈር ውስጥ ትልልቅ ክብ ድንጋዮች ተቀብረዋል። ቆፋሪው 1.5 ሜትር ላይ ድንጋይ ሲነካ «አለት ደርሰናል» ይላል፤ አሠሪው ቁፋሮ ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ፉቲንጉ ግማሹ በድንጋይ፣ ግማሹ በጭቃ ላይ ሲያርፍ ግን ይጋደላል። ድጅኖ አንሣና በድንጋዩ ዙሪያ ጠርዙን ፈልግ። ጠርዝ ተገኝቶ ድጅኖው በጎኑ አልፎ ወደ ሥሩ ከገባ ቋጥኝ ነው፤ ይውጣ፣ ወይም ከሥሩ እስኪታለፍ ይቆፈር። አለት ከሆነ ከጉድጓዱ ግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ነው፣ በአምስት ቦታ ብትወጋው አምስቱም ይመልሱሃል። ይህን የሚፈትሽ ሰው ሊን ኮንክሪት (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ከመፍሰሱ በፊት በየጉድጓዱ ይግባ። አሥራ ሁለቱም ጉድጓድ ለየብቻው ይታያል፤ አንዱ ጥሩ ስለሆነ ጎረቤቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

በመጋቢት ጥቁር አፈር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በዚያ አትታለል። የሚያሳስበው ስንጥቁ ነው። ቀጭን ዘንግ ስደድበትና እስከምን እንደሚወርድ እይ። ስንጥቁ እስከ ደረሰበት ድረስ አፈሩ በየዓመቱ ያብጣል፣ ይሸበሸባል። ፉቲንግ ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ጽኑው ካልራቀ ደግሞ እስከ ጽኑው ወርዶ ቢያንስ 30 ሳንቲ ገብቶ ይቀመጥ።

ቁፋሮውን ከታችኛው ረድፍ ጀምር፣ ኮንክሪቱም ከታች ይፈስስ። ላይኛውን ቀድመህ ከጨረስህ ታችኛውን ስትቆፍር የላይኛውን ፉቲንግ እግር ትቦረቡራለህ። የሁለት ጎረቤት ፉቲንጎች የከፍታ ልዩነት አፈር ላይ ከሆነ በጠርዞቻቸው መካከል ካለው ርቀት ግማሽ አይብለጥ። 3.67 ሜትር ኮለን ከኮለን ስትሠራ በጠርዞቹ መካከል 2.17 ይቀራል፣ ስለዚህ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚፈቀድልህ። አለት ላይ ካረፈ እኩል ለእኩል ይቻላል።

የታችኛው ጉድጓድ 3 ሜትር ይደርሳል፣ ግማሹም ሙሌት ነው። ሙሌት ሳይነግር ይናዳል፣ ሰው ይገድላል። ከ1.5 ሜትር ካለፈ ጎኑ ተዘቅዝቆ ይቆፈር ወይም በሳንቃ ይደገፍ፤ የወጣውም አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ይህ ቁፋሮህን ያሰፋዋል፤ ወጪ ነው፣ ግን የሚከራከሩበት ወጪ አይደለም።

ግሬድ ቢም በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ አይፈስስ። ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ባዶ ይተውለት። አፈሩ በሐምሌ ሲያብጥ ቢሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል፤ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ የሚሰነጠቀው ከዚህ ነው። የታች ካሳፎርማውን አቁመህ አፍስስ፣ ሲደርቅ እንጨቱን አውጣ፣ ባዶው ዳር ዳሩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይሸፈን እንጂ አይሞላ።

የፉቲንግ ጉድጓድ መልሶ ሲሞላ ሰው ሁሉ ገረጋንቲ ይላል። ወለሉ የተንጠለጠለ ከሆነ ይህ ትርፍ ወጪ ነው፣ ጉዳትም አለው። ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር መካከል ውሃ የሚያሳልፍ ገረጋንቲ ስትሞላ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ የክረምቱ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና ፉቲንግህን ያርሰዋል። ከቁፋሮው የወጣውን ንጹሕ አፈር፣ ሥርና ቆሻሻ የሌለበትን፣ በ20 ሳንቲ ንብርብር መልሰህ ጠቅጥቅ፤ የላይኛውን 50 ሳንቲ ቀይ ሸክላማ አፈር አድርገህ ከቤቱ ወደ ውጭ አዘቅዝቀው። ኮምፓክተር ከ20 ሳንቲ በታች ያለውን አይነካም፣ 50 ሳንቲ አፍስሶ ላዩን መምታት ከንቱ ልፋት ነው። እርጥበቱን በእጅህ እወቅ፦ ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ከያዘና ስትጫነው ለሁለት ከተሰበረ ደህና ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ እጅህን ካጨቀየው ርሷል።

ልኬት በሜትር

የውሉ ነገር እንዳይረሳ። በጥቅል ዋጋ የተሰጠ መሠረት ላይ ሁለታችሁም በጭፍን ነው የምትዋዋሉት። ጽኑው ቅርብ ከሆነ ላልተሠራ ቁፋሮ ትከፍላለህ። ከራቀ ደግሞ ኮንትራክተሩ ከኪሱ ላለማውጣት ጥልቀቱን ያሳጥረዋል፤ እሱ የከፋው ነው፣ ተሸፍኖ ይቀራልና። ከግሬድ ቢም በላይ ያለው በጥቅል ቢሆን ግድ የለም፤ ከሱ በታች ያለው ግን በነጠላ ዋጋ ይሁን፣ በየጉድጓዱ ተለክቶ ይከፈል።

ቁፋሮውን በውሉ ውስጥ በሁለት ከፍለህ ጻፍ፦ እስከ 1.5 ሜትርና ከ1.5 ሜትር በታች። ተራ አፈርና አለትም ለየብቻ ዋጋ ይኑራቸው፤ አለት የሚባለውም በድጅኖና በዶማ የማይወጣው ተብሎ ይገለጽ። ለ1.5 በ1.5 ፉቲንግ 2 በ2 ጉድጓድ፣ 12 ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀት 2.2 ሜትር፣ 105 ኩብ ይወጣል። ጎኑ ሲዘቀዘቅ ይጨምራል፣ ግን እንዴት እንደሚለካ ቀድሞ ይወሰን፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አፈርና ገረጋንቲ «ቦታው ላይ በተለካ» ወይም «በመኪና» ይሁን አስቀድመህ ወስን። በመኪና ከሆነ የሲኖትራኩን ሳጥን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሜትር ራስህ ለካ። 16 ኩብ ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ አይመጣም። 105 ኩብ ቁፋሮ ሲላላ 137 ይሆናል፤ ግማሹን መልሰህ ከሞላህበት የሚጫነው 4 ወይም 5 ቢያጆ ነው፣ 9 አይደለም።

C-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሳጥኑ 40 በ50 በ18 ሳንቲ ይሁን፤ 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር የሚመጣጠን ነው። 1 ከረጢት፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር፣ ውሃው 25 ሊትር አካባቢ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነስ። የአሸዋውን ጭቃ በጠርሙስ እይ፦ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላይ ውሃና ትንሽ ጨው፣ ነቅንቀህ 3 ሰዓት አቆየው። ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ይመለስ።

ለመሠረቱ ብቻ 20 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ። ለቀረው ቤት 10 ይበቃል።

ጎጆ ወጪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሶሌታውን ካንጠለጠልሁ አሮጌውን ሙሌት ጠርጌ ከሥር አንድ ክፍል ባወጣስ? ሌላው፣ ከጓሮው አጥር ላይ የጎረቤት ባሕር ዛፎች አሉ፣ ከቤቱ 6 ሜትር ይርቃሉ። ችግር ያመጣሉ?

ኮለንና ቢም

ሙሌቱን መጥረግ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከቤቱ ሥር ያለው ሽብልቅ 9 × 5.5 × 1.5 ÷ 2 = 37 ኩብ ብቻ ነው፣ ሲላላ 48፣ 3 ቢያጆ። ሲወጣ በጓሮው ጫፍ ከወለሉ እስከ ተፈጥሮው መሬት 3.5 ሜትር ይሆናል። የመጨረሻዋን የኮለን ረድፍ፣ 9 በ3.67፣ ወደ 33 ካሬ፣ ትንሽ ቁፋሮ ጨምረህ ለዕቃ ቤት ወይም ለመኪና ማውጣት ትችላለህ። በላይኛው በኩል ግን አፈሩን የሚይዝ ግንብ ይፈልጋል። ግንቡ ከጀርባው 30 ሳንቲ ጠጠርና በየ1.5 ሜትሩ የ75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውሃውም ወደ ክፍሉ ሳይሆን በቦይ ወደ ጎን ይውጣ። የክፍሉ ወለል ከግድግዳና ከኮለን ተለይቶ ይፍሰስ፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ወጥቶ ቢያንስ 50 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይግባ። እዚህ ላይ ገረጋንቲው ገንዳ እንዳይሆን በታችኛው ጫፍ መውጫ ቱቦ ይደረግለት፤ ተዳፋት ስለሆነ ይቀልሃል። ክፍሉ ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ ይግባ፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ምድር ቤት ጣጣ አለው።

ሌላው የምትጠብቀው፣ በዚያ በኩል የሚቆሙት ኮለኖች ቁመታቸው ይረዝማል። ከፉቲንግ እስከ ግሬድ ቢም ከ3 ሜትር ካለፈ መሃል ላይ ማሰሪያ ቢም ይግባ፣ ኮለኑም እንደገና ይታይ። ተዳፋት ላይ ያለ አፈር በየክረምቱ በጥቂቱ ወደ ታች ይገፋል፣ ኮለኑን በጎን ይጫነዋል።

ፎርማን ሽምብጥ

ባሕር ዛፎቹ ያሳስባሉ። ጥቁር አፈር ላይ የዛፉ ቁመት ያህል መራቅ ነው ደንቡ፤ 15 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በ6 ሜትር ርቀት ሥሩ ከቤትህ ሥር ውሃውን ይመጥጣል፣ አፈሩ ይሸበሸባል፣ የዚያ ወገን ጥግ ይወርዳል። ጎረቤትህን አነጋግር፤ ሊያስቆርጣቸው ከፈቀደ ግን መሠረት ከመጣልህ በፊት፣ ቢቻል አንድ ክረምት ቀድሞ ይሁን። ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ደርቆ የነበረው አፈር ውሃ እየጠጣ ይነሣል፤ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ከተቆረጠ መሬቱ ከሥር ይገፋዋል። ካልፈቀደ የዚያ ወገን ፉቲንግ እስከ ተበላው ድንጋይ መውረዱ ግዴታ ነው፣ እዚያ ላይ ጥልቀቱን ማሳጠር የለም።

ስለ ጊዜው የጠየቅኸው ሳይመለስ ቀርቷል። ቁፋሮ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይጠናቀቅ፣ ግሬድ ቢሙ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይፍሰስ። ዝናቡ በግንቦት መጨረሻ ይይዛል፣ ክፍት ጉድጓድ ውሃ ከያዘ የታችኛው 20 ሳንቲ ጭቃ ሆኖ እንደገና መቆፈር ይመጣል፤ ሊን ኮንክሪቱ ቁፋሮው ባለቀበት ቀን መፍሰሱም ለዚሁ ነው። ከመንገዱ በኩል፣ ከቤቱ 3 ሜትር ርቆ፣ 40 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ በበጋው ተቆፍሮ ውሃውን ወደ ጎን ያውጣልህ። ከላይ የሚመጣው ውሃ ካልተቆረጠ የጓሮው ፉቲንግ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ዙሪያው ጭቃ ነው። ሴፕቲክ ታንከሩም ከቤቱ በታች ይሁን፣ በላይ በኩል እንዳይቀበር፤ አሸንዳውም መጨረሻው ቦዩ ላይ እንጂ ከግድግዳው ሥር አይሁን።

ልኬት በሜትር

ጎጆ ወጪ፣ የሙከራ ጉድጓዶቹን ስታስቆፍር የየጉድጓዱን ልኬት እዚህ ጻፍልን፦ ሙሌት፣ ጥቁር አፈር፣ ጽኑው ስንት ላይ እንደተገኘ፣ ውሃ ታየ አልታየ። በዚያ ላይ ተነሥቼ ለኮንትራክተሮች የምትሰጠውን የሥራ ዝርዝር እሠራልሃለሁ፤ ሦስት ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ዋጋ ሲሞላ ነው ማን እንደሚያዋጣ የሚታየው።